ለክቡር የስፖርት ኃላፊ፦ ክለቡ የማን ነው?

ክቡር ሆይ፣

ስምዎንም መሥሪያ ቤትዎንም አልጠራም። ማመልከቻችን ጠረጴዛዎ ላይ ስለተኛ ለማን እንደምጽፍ ያውቁታል። መጀመሪያ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። ከዚያ "ጉዳዩ እየታየ ነው"። በመጨረሻ ደግሞ "ይሄ የክለቡ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ እኛ አንገባበትም" ተባለ። አደባባይ ያወጣችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

የእህቴ ልጅ ሯጭ ናት። በአንድ የመንግሥት ድርጅት ክለብ ተቀጥራ፣ ደመወዝ እየተከፈላት፣ 1500 ሜትር ትሮጣለች። በአንድ የአገር ውስጥ ውድድር ላይ ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ገባች። ባደገችበት አካባቢ ሰው ተገድሎ ነበር፤ ከሞቱት ውስጥ አብረዋት የተማሩ አሉበት። መፈክር አልያዘችም፣ ማንንም አልሰደበችም፣ ውድድሩንም አላወከችም። ሮጣ ጨረሰች፣ ጨርቁን ፈታች፣ ወደ ካምፕ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ "ስፖርትን ከፖለቲካ ጋር በመቀላቀል" የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ደመወዟ ታገደ። ይቅርታ ጠይቀሽ ፈርሚ ተባለች። አልፈርምም አለች (ግትርነቱን ከእህቴ ነው የወረሰችው)። አሁን መልቀቂያም ከልክለዋታል፣ ሌላ ክለብ ገብታ እንዳትሮጥ ማለት ነው። ሯጭ ስንት ዓመት እንደሚሮጥ እርስዎ አያጡትም።

ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም፣ እሺ። ታዲያ ያው ክለብ አትሌቶቹን በአውቶቡስ ጭኖ ለድጋፍ ሰልፍ ሲያወጣ ምን ነበር? ልምምድ ተሰርዞ፣ ቲሸርት ታድሎ፣ ባነር ተይዞ! ያን ዕለት "ለምን ቀረህ" ተብሎ የተጠየቀው የቀረው ነው። እሷም ወጥታለች፣ ፎቶው አለን። ያኔ ደብዳቤ የጻፈላት የለም። የተከለከለው እንግዲህ ሳይታዘዙ ማዘን ነው።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶኑን ከኪፕቾጌ ቀጥሎ ሲጨርስ፣ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነው መስመሩን ያለፈው። በኦሮሚያ ሰው እየሞተ ነው ማለቱ ነበር። የኦሎምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 ውድድር ቦታ ላይ የፖለቲካ ተቃውሞን ይከለክላል፤ ያም ሆኖ የብር ሜዳሊያውን የነጠቀው የለም። የዚያን ጊዜው መንግሥት "ቢመለስ ምንም አይሆንም" ቢልም ፈይሳ አላመነም፣ ሁለት ዓመት ውጭ ቆየ። ጥቅምት 2011 ሲመለስ ባለሥልጣናት ቦሌ ወጥተው ተቀበሉት። ደግ አደረጉ። እርስዎም ያን ጊዜ ሳያጨበጭቡ አልቀሩም። ግን ለምኑ ነበር ጭብጨባው? ለድፍረቱ ነው ወይስ የተቃወመው ያለፉትን ስለነበረ? የኛዋ ልጅ እኮ ከእሱ ያነሰ ነው ያደረገችው።

አንድ የመሥሪያ ቤትዎ ሰው ደግሞ "አሜሪካም እኮ አሠሪ ይከለክላል" ብሎ ተከራከረኝ። ደስ ይለኛል፣ እንከራከር። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ እ.ኤ.አ. በ2016 መዝሙር ሲዘመር ተንበርክኮ ፖሊስ በጥቁሮች ላይ የሚያደርሰውን ተቃወመ። ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ የሚያጫውተው ቡድን አላገኘም። ፕሬዚዳንት ትራምፕም በ2017 የቡድን ባለቤቶች ተንበርካኪዎቹን እንዲያባርሩ በአደባባይ ወተወቱ። በ2018 ሊጉ ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ ይቁም የሚል ደንብ አወጣ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን የባለቤቶቹ መከራከሪያ ምን ነበር? ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ነው፣ እኛ የግል አሠሪዎች ነን የሚል። ያም ሆኖ የተጫዋቾች ማኅበሩ አቤት ሲል ደንቡ ሁለት ወር ሳይሞላው ቆመ።

እኛ ጋ የግል አሠሪው የታለ? ክለቡ የመንግሥት፣ በጀቱ የመንግሥት፣ ቦርዱን የሚሾመው መንግሥት። የቅጣት ደብዳቤው ሲጻፍ ብቻ ነው "የውስጥ ጉዳይ" የሚሆነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ለማንኛውም ሰው ነው ሲል ሯጭን አላወጣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የፖለቲካ አመለካከት ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም ይላል። "አላሰናበትናትም" ትላላችሁ። ያለ ደመወዝና ያለ መልቀቂያ የተቀመጠች ልጅ ታዲያ ምን ትባል?

የወታደርና የፖሊስ ክለብ ሯጭ ቢሆን በሌላ ሕግ ነው የሚተዳደረው፣ አዋጁም ለብቻ አውጥቷቸዋል፣ እሱን አልከራከርም። ማልያ ለብሶ ሌላውን ብሔር የሚሰድብ ካለም ይቀጣ። ጥቁር ጨርቅ ማንን ሰደበ?

ክቡር ሆይ፣ ማባበያ አንፈልግም። ከክለቡ ደንብ ውስጥ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ካለ ቁጥሩን በጽሑፍ ይላኩልን፣ ፍርድ ቤት ይዘነው እንሄዳለን። ከሌለ ደግሞ የታገደው ደመወዟና መልቀቂያዋ ይሰጣት፣ የዝውውር ጊዜው ሳይዘጋ።