የእህት ኩባንያዎች ሒሳብ አይደባለቅ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ጅማ ነጋዴዎች የግብር ቅጣት ያወጣችሁት ጽሑፍ ያተኮረው ዘግይቶ በማሳወቅ ላይ ነው። ቡና ማበጠሪያ፣ የጭነት መኪናዎችና ሆቴል በሦስት ኩባንያዎች ለያዘ ባለሀብት ግን ትልቁ ስጋት ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የሚያደርጉት ግብይት ነው።

የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የኩባንያዎችን ቡድን ቢያውቅም፣ ግብር የሚሰላው በእያንዳንዱ ኩባንያ ስም ነው፤ የሆቴሉ ኪሳራ ከማበጠሪያው ትርፍ አይቀነስም። መኪናው ያለ ውልና ያለ ደረሰኝ የማበጠሪያውን ቡና ሲያመላልስ አንደኛው ገቢውን ሳያስመዘግብ ይቀራል፣ ሌላው ወጪውን በማስረጃ ማስደገፍ ያቅተዋል። «ኪሱ አንድ ነው» የሚለው መልስ፣ ደጋግሞ ቢሰማም፣ ኦዲተር ፊት አይቆምም። የመኪናው ኪራይም በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ዝምድና የሌላቸው ወገኖች በሚስማሙበት ዋጋ መሆን አለበት። ከአንዱ ባንክ ሒሳብ ወደ ሌላው የሚዛወር ገንዘብስ? ብድር ይሁን ክፍያ በጽሑፍ ካልተለየ እንዲሁ ያከራክራል።

ስለዚህ ቡድኑ በየወሩ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከማሳወቁ በፊት፣ ውሉን፣ የደረሰኝ ቁጥሩን፣ ቀኑንና መጠኑን በአንድ ሰንጠረዥ ያመሳክር። የአንዱ ተሰብሳቢ (ከእህት ኩባንያው የሚጠብቀው ገንዘብ) ከሌላው ተከፋይ (ካለበት ዕዳ) ጋር ካልገጠመ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ ኩባንያ ልዩነቱን ከጥቅምት 30 የዓመታዊ ገቢ ግብር ማሳወቂያ ቀን በፊት ያስተካክል።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከጅማ