ደብዳቤ ለልጄ፦ ቅጠሉን ብቻውን የሚወስዱት አይጦች የት አሉ?

የተወደድሽ ልጄ፣

አንድን የተክል ቅጠል በአይጦች ላይ ለመፈተን አዘጋጅተሽ የላክሽልኝን የጥናት ዕቅድ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ርዕሱ ግን «ጉበትን የመጠበቅ ኃይል» ብሎ ስለሚነሣ፣ ገና ሙከራው ሳይጀመር ለቅጠሉ የፈረድሽለት ይመስላል።

እንዳሰብሽው አይጦቹ ለ7 ቀናት ቅጠሉን ከወሰዱ በኋላ ከፍተኛ መጠን ያለው ፓራሲታሞል ይሰጣቸዋል፤ በማግሥቱ በደማቸው ያለው ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም) ዝቅ ብሎ ከተገኘ ቅጠሉ ጉበትን ጠብቋል ትያለሽ። እኔን ያላሳመነኝ ይህ ነው። ፓራሲታሞል ጉበትን የሚጎዳው የጉበት ኢንዛይሞች፣ በተለይም ሲዋይፒ2ኢ1 የተባለው፣ ናፕኪ ወደሚባል መርዝ ሲለውጡትና ያንን የሚያመክነው ግሉታታዮን ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ኢንዛይሞቹን ካዳከማቸው መርዙ ከነጭራሹ ሳይፈጠር ይቀራል፤ ኤኤልቲም አይጨምርም። ይህን ጥበቃ ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ፣ ያው ቅጠል የአንድ ሕመምተኛ ሌላ መድኃኒት ከሰውነቱ እንዳይወገድ አድርጎ ቢጎዳውስ? ስለሆነም ቅጠሉን ከፓራሲታሞሉ በኋላ የሚወስድ ቡድን ጨምሪ፤ ማነጻጸሪያሽም ሐኪሞች ለዚሁ መመረዝ የሚሰጡት ኤን-አሴቲልሲስቴይን ይሁን።

ከዚህ የባሰው ቅጠሉን ብቻውን የሚወስድ ቡድን አለመኖሩ ነው። ጀርማንደር የተባለው ተክል ለዘመናት ጉዳት የለውም ተብሎ ሲወሰድ ኖሮ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ በካፕሱል መሸጥ ከጀመረ በኋላ ሰዎችን ለጉበት ብግነት ስለዳረገ በ1992 እ.ኤ.አ. ታግዷል። ብዙዎቹ የታመሙት ለሳምንታት ከወሰዱት በኋላ ነበር፤ የሰባት ቀን ሙከራ ይህን አያሳይም። ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ለ28 እና ለ90 ቀናት ያወጣቸው የአይጥ ሙከራ መመሪያዎች አሉልሽ፤ ጊዜሽ ካጠረ ቢያንስ 28ቱን ቀን አትተዪ። ያም ሆኖ ከሺህ ሰው አንዱን ብቻ የሚያጠቃ ጉዳት በ30 አይጦች እንደማይገኝ በጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ አስፍሪው።

ስለ ደም አወሳሰዱ አንድ ነገር ልንገርሽ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በቀጭን መርፌ ቸኩዬ የሳብሁት ደም፣ ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ሲለይ በቲዩቡ ውስጥ ሮዝ መስሎ ታየኝና ችላ አልሁት። እንደ ኤኤልቲ የጉበት ጉዳት የሚለካበት ሌላው ኢንዛይም፣ ኤኤስቲ፣ ከፍ ብሎ ሲመጣ ተክሉን ጉበት ጎጂ ብዬ መዘገብሁ። ኤኤስቲ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥም ስላለ፣ የጨመረው ሴሎቹን ስላፈነዳኋቸው ነበር። ከወር በላይ የለፋሁበት ሥራ በዚያው ቀረ። ሴረሙ ቀልቶ ካየሽ እዚያው ጣይውና ስለ መጣልሽ መዝግቢ። የጉበቱን ስላይድ በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ፓቶሎጂስትም የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደመጣ አይወቅ፤ ጓደኛሽ ቢሆንም እንኳ፣ ይልቁንም ጓደኛሽ ከሆነ።

ያረምሽውን ዕቅድ ስትልኪ የቡድኖቹን ሠንጠረዥ ከፊት አድርጊው፤ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

እናትሽ