የኮሪያ ወረቀት ትምህርት ከልጡ ይጀመር

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በደቡብ ኮሪያ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ሃንጂ የሚባለውን የእጅ ወረቀትና በእንጨት ገበታ ማተምን ለነዋሪው የሚያስተምሩ ወርክሾፖች እዚህ ሲካሄዱ ማየት ያስደስተኛል። ሆኖም ካየኋቸው አንዳንዶቹ ተሳታፊውን በተዘጋጀ ወረቀት ላይ አሳትመው ስለሚያሰናብቱት ዋናው ሥራ ሳይታይ ይቀራል።

ሃንጂ የሚሠራበትና የሾላ ዘመድ የሆነው ዳክ የተባለ ዛፍ በብርዱ ወራት ቅርንጫፉ ተቆርጦ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ ልጡ ይላጣል፤ ጥቁሩ ቅርፊት ተፍቆ ነጩ በአመድ ውኃ ይቀቀላል፤ ታጥቦና ጉድፉ አንድ በአንድ ተለቅሞ ይወቀጣል። ከዚያም የባሚያ ዘመድ ከሆነ ተክል ሥር የሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ በተጨመረበት ገንዳ ውስጥ ባለሙያው በአንዲት ገመድ የተንጠለጠለ የቀርከሃ ወንፊት እያጠለቀ ውኃውን ወደ ፊትና ወደ ግራ ቀኝ ያንሸራሽረዋል። ቃጫው በየአቅጣጫው ተጠላልፎ ወረቀቱን የሚያጠነክረው በዚህ እንቅስቃሴ ነውና፣ አጠገቡ ቆሞ ያልሞከረ ሰው ሊይዘው አይችልም።

ኅትመቱም ከወረቀቱ አይነጠልም። የጥንቱ አታሚ ጽሑፍ ተቀርጾበት ቀለም በተቀባው ገበታ ላይ ወረቀቱን አንጥፎ ጀርባውን ሰም በተቀባ የፀጉር ጥቅል ያሽ ነበር፤ ስለዚህ ቀጭን ሆኖ መታሸትን የሚችል ወረቀት የግድ ያስፈልገው ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹትና ዛሬም በሄኢንሳ ገዳም የሚገኙት ከ80 ሺህ በላይ የቡድሃ መጻሕፍት ገበታዎች የዚህ ሥራ ምስክሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 በቡልጉክሳ ገዳም የድንጋይ ሐውልት ውስጥ የተገኘው የታተመ ጥቅልል ደግሞ ከ751 በፊት እንደተሠራ ይገመታል፤ እርሱም የዳክ ወረቀት ነው።

በርና መስኮታቸውን በሃንጂ ይሸፍኑ የነበሩ ቤቶች በመስታወትና በኮንክሪት ሲተኩ የሃንጂ ገበያ ጠበበ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሙያውን በብሔራዊ ቅርስነት መመዝገቡ የሚመሰገን ቢሆንም መዝገብ ገዢ አያመጣም። ወርክሾፖቹ ግን ሊያመጡ ይችላሉ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ጉድፍ የለቀመ ሰው የአንዱ ሃንጂ ዋጋ ለምን ከፋብሪካው ወረቀት እንደሚበልጥ ነጋሪ አያሻውምና።

ስለዚህ አዘጋጆቹ በጆንጁና በዎንጁ ከተሞች ካሉት የወረቀት ሠሪዎች ጋር ተስማምተው ተሳታፊዎችን በብርዱ ወራት ለልጥ መላጥ፣ በጸደይ ደግሞ ራሳቸው በሠሩት ወረቀት ላይ ለማተም ቢጠሯቸው እመርጣለሁ። ጊዜው ለማይበቃቸው እንኳ የሚታተምበት ወረቀት ከእነዚሁ ሠሪዎች ይገዛ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ኮሪያ