ታዳጊ ተጫዋች በቁመት አይመረጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሐዋሳ ከተማ ለሠላሳ አንድ ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት ከታቦር ተራራ ሥር በሚገኝ ሜዳ የተመለከትኩት የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ምልመላ ነው።

የጎረቤቴን የልጅ ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሰውነቱ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል። አማካይ ሆኖ ሲጫወት በሰፈር ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ኳሷ ገና እግሩ ሥር ሳትደርስ አንገቱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዙሮ ለማን እንደሚያቀብላት ወስኖ ይጠብቃል። ይህን ማንም አላስተማረውም። በዚያ ቀን ግን መልማዮቹ ልጆቹን ኳስ ሳያስነኩ በመስመር አቁመው በቁመት ለዩአቸው። አጫጭሮቹ መጨረሻ ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል እንዲጫወቱ ተደረገ፤ የእኛ ልጅ ኳስ ያገኘው ሦስት ጊዜ ሲሆን ሦስቱንም በአንድ ንክኪ ለጓደኞቹ አቀብሏል። ሲወጣ የተሰጠው መልስ «አድገህ ተመለስ» የሚል ነበር። የተዋሰውን ታኬታ ጭቃውን ጠርጎ ለባለቤቱ መለሰና፣ ኮንጎ ጫማውን አጥልቆ እስከ ቤቱ ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በጥንቃቄ የተጠናው እንዲያውም ከእኛ አገር በጣም በራቀ ስፖርት፣ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ነው። ሮጀር ባርንስሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር በሌዝብሪጅ ከተማ ጨዋታ ሲመለከቱ፣ ባለቤታቸው ፓውላ በተጫዋቾቹ ዝርዝር ላይ የሰፈረውን የልደት ቀን እያነበቡ፣ ብዙዎቹ በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች የተወለዱ መሆናቸውን አስተዋሉ። ባርንስሊ ጉዳዩን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳተሙት። በካናዳ የዕድሜ እርከኑ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሆነ፣ በዚያ ወር የተወለደ ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው የቡድን ጓደኛው በዓመት ጥቂት ፈሪ ይበልጣል፤ በዘጠኝና በአሥር ዓመት ዕድሜ ይህ ልዩነት በጉልበትም በፍጥነትም ጎልቶ ይታያል። መልማዩ ትልቁን ይመርጣል፤ የተመረጠው ልጅ የተሻለ አሰልጣኝና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በእርግጥ ከሌሎቹ በልጦ ስለሚገኝ፣ መልማዩ ከመጀመሪያው አንሥቶ ዓይኑ ያልሳተ ይመስለዋል። የተተዉትን ልጆች ግን ተመልሶ የሚቆጥራቸው የለም።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ሆኖ ሊቀር የነበረው የየካተሪንበርጉ ሩሲያዊ የሆኪ ተጫዋች ፓቬል ዳትሱክ ነው። የሰሜን አሜሪካ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ለመውሰድ በየዓመቱ በሚያካሂዱት ምርጫ ደጋግመው አልፈውታል። የዲትሮይት ክለብ መልማይ ሆካን አንደርሰን ሌላ ተጫዋች ሊያይ ሞስኮ ሄዶ ሳለ ዓይኑ አረፈበትና፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በ171ኛ ተራ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2008 ከዲትሮይት ጋር የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ ሻምፒዮን የሚያነሣውን የስታንሊ ዋንጫን አንሥቷል።

በእኛ ከተማ ችግሩ ይብሳል እላለሁ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ስለሆነ፣ ዛሬ ለምልመላ ከሚቀርቡት ታዳጊዎች ብዙዎቹ በተወለዱ ጊዜ የተያዘ መዝገብ የላቸውም። «አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው» የተባለው ረጅም ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሊሆነው ይችላል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ፣ ዕድሜያቸውን ለማጣራት፣ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የሕክምና መሣሪያ) ያስመረምራል፤ ያኔ የተደረሰበት ልጅ ይወድቃል፤ በእርሱ ምክንያት ከዓመታት በፊት የተባረረው ትንሹ ልጅ ግን ኳስ መጫወት ትቷል። ዕድሜያቸው በትክክል እኩል የሆኑ ሁለት የአሥራ ሦስት ዓመት ወንዶች እንኳ በአጥንት እድገት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊራራቁ እንደሚችሉ መልማዮቻችን አይዘንጉ።

ይህች ከተማ ክለቧ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣላት ናት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2005 ዓ.ም፣ በዛምቢያ ላይ ግብ ያስቆጠረው አዳነ ግርማ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ሽመልስ በቀለም እንዲሁ። እንዲህ ያሉ ልጆች ዛሬም በየሰፈሩ እንዳሉ አልጠራጠርም።

አሰልጣኞች የሚለኩት በታዳጊዎች ውድድር በሚያመጡት ዋንጫ መሆኑንና፣ ዋንጫ ደግሞ በዚያ ዕድሜ በጉልበት እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄዬ በቅድሚያ ለሚቀጥሯቸው ነው። ልጅ በአንድ ቀን ምልመላ አይመዘን። በለመደው ሜዳ፣ ከሰፈሩ ቡድን ጋር፣ በተለያዩ ወራት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታይ። የተወለደበት ወር ከነማስረጃው ይመዝገብ፤ ማስረጃ ከሌለ መልማዩ ይህንኑ ጽፎ ይያዝ። በእያንዳንዱ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ሰውነታቸው ዘግይቶ ለሚያድግ ልጆች ጥቂት ቦታ ይተው፤ «አድገህ ተመለስ» የተባለውም ልጅ ስሙ ተይዞ በዓመቱ ራሳቸው መልማዮቹ ፈልገው ይጥሩት።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሩ ልጆች ጋር መጫወቱን አላቆመም። መልማዮቹ ሊያዩት ቢፈቅዱ ሜዳውን እኔ አሳያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የስፖርት መምህር
ሐዋሳ