ፆታና ዕድሜው ያልተጻፈ ዳክዬ ባይመዘን ይሻላል

ክቡር አዘጋጅ፣

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች በእነርሱ ክረምት፣ በእኛ በጋ፣ ዝዋይና ሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ይሰፍራሉ። ስለ እነርሱ ሲጻፍ «አማካይ ክብደታቸው» የሚባል ቁጥር ይጠቀሳል። ወንዴና ሴቴ፣ የዘንድሮ ጫጩትና ጎልማሳ ተደባልቀው የወጣ አማካይ ግን ያሳስታል።

ወንዴው 800፣ ሴቴዋ 700 ግራም ይመዝናሉ እንበል። ከተያዙት 10 ዳክዬዎች 6ቱ ወንዴ ከሆኑ አማካዩ 760 ነው። በዓመቱ 3 ወንዴና 7 ሴቴ ቢያዙ 730 ይሆናል። አንድም ዳክዬ ሳይከሳ «ከሱ» ተብሎ ይወራል። ነገሩ በእርግጥም ይደርሳል፤ ራሰ ቀዩ ጠላቂ ዳክዬ አውሮፓ ውስጥ ሲከርም ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ወደ ደቡብ ስለሚርቁ የፆታው ድርሻ በየሐይቁ ይለያያል። በእህል የሚያጠምድ ሰው ደግሞ የራበው ቀድሞ እንደሚገባለት አይርሳ።

ስለዚህ ከሚዛኑ በፊት ፆታ ይጻፍ። ባለ ቁንጮው ጠላቂ ዳክዬ ጎልማሳ ወንዴው ጥቁርና ነጭ፣ ሴቴዋ ቡናማ ናት። ወጣቱ ወንዴ ግን መጀመሪያ ላይ ሴቴ ይመስላል። ያን ጊዜ ከጅራቱ ሥር ያለውን ቀዳዳ በቀስታ ገልጦ ማየት ነው፤ ወንድ ዳክዬ እንደ አውራ ዶሮ አይደለም፣ ብልት አለው።

ዕድሜው በጅራት ላባ ይለያል። በወጣቱ ጅራት ላይ የጫጩትነቱ ለስላሳ ላባ የተሰበረበት ጫፍ መሃሉ ላይ የተነከሰ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ይህ ላባ በወራት ውስጥ ስለሚቀየር በጥርና በየካቲት ምልክቱ ባይገኝ ወፉ ጎልማሳ ነው ማለት አይደለም። የክንፉ ሽፋን ላባዎች ይታዩ፤ የወጣቱ ጠባብና ጫፋቸው የተበላ፣ የጎልማሳው ሰፊና ክብ ናቸው።

ክንፍ የሚለካው ዜሮው ላይ መቆሚያ ባለው ማስመሪያ፣ ታጥፎ እንዳለ ተጭኖና ቀጥ ተደርጎ እስከ ረጅሙ ላባ ጫፍ ነው። አንዱ ለኪ ሲጫን ሌላው ካልተጫነ የሚፈጠረው የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት በወንዴና በሴቴ መካከል ካለው ጋር ይቀራረባል። ለኪው አንድ ሰው ይሁን፤ ካልሆነም ሁለቱ ያንኑ 10 ወፍ ለክተው ያስተያዩ። ምንቃር ላባው ካለቀበት እስከ ጫፍ በካሊፐር፣ ማለትም በሁለት መንጋጋው መሃል ይዞ በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካል።

ክብደት ከሁሉ ያስቸግራል። የረጠበ ላባ ይከብዳል፤ ጠላቂ ዳክዬ ብዙ ጊዜ ሌሊት ስለሚመገብ ማለዳ ሆዱ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ወፉ ይድረቅ፣ ሰዓቱም ይመዝገብ። ወፉ የሚመዘንበት ከረጢት ደግሞ በውኃና በኩስ እየከበደ ስለሚሄድ፣ ጠዋት አንዴ የተመዘነውን ቁጥር ቀኑን ሙሉ ከመቀነስ ከእያንዳንዱ ወፍ በኋላ ባዶውን መመዘን ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ