ተርሚናሉን ከመውቀሳችሁ በፊት ድምፁን ፈትሹ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቤት ኮምፒውተር ፓኬት ሬዲዮ (የኮምፒውተር መልእክትን ወደ ድምፅ ቀይሮ በሬዲዮ የመላክ ዘዴ) የሚሞክሩ ወጣቶች መልእክት አልሄድ ሲላቸው መልእክት የሚጻፍበትንና የሚነበብበትን የተርሚናል ሶፍትዌር አጥፍተው እንደገና ይጭናሉ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ላይ ነው። መልእክቱን ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም ወደ መልእክት የሚለውጠው ሞደም ዳየርዎልፍ የተባለው ሶፍትዌር ከሆነ፣ የሚያሳየው የድምፅ መጠን 50 አካባቢ እስኪሆን የሳውንድ ካርዱን መግቢያ አስተካክሉ፤ በጣም ከበዛ 1200 እና 2200 ኸርዝ ያሉት ሁለቱ ቃናዎች ይበላሻሉ። ምልክት በሌለ ጊዜ የሬዲዮውን ድምፅ የሚዘጋውን ስኩዌልች ክፍት ተዉት። ሬዲዮው ከመቀበል ወደ ማስተላለፍ ለመዞር ጊዜ ስለሚፈልግ የማስተላለፊያ መዘግየቱን ከ300 ሚሊሰከንድ ጀምሩ፤ ካነሰ የመልእክቱ መነሻ ይቆረጥና ተቀባዩ ሙሉውን ይጥለዋል። ተርሚናሉ ከዳየርዎልፍ ጋር የሚገናኘው ኪስ (KISS) በተባለው የመገናኛ ፕሮቶኮል ከሆነ ፖርቱ 8001፣ ኤጂደብልዩ (AGW) በተባለው ከሆነ 8000 ነው።

ከድሬዳዋ ሐረርን በቪኤችኤፍ (ተራራ በሚከልለው የሬዲዮ ሞገድ) ለማግኘት የምትሞክሩ፣ የደንገጎ ተራራ መሀል ላይ መቆሙን አትርሱ፤ ከፍታ ላይ የሚቀባበል ጣቢያ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድና ያለ ጥሪ ምልክት ግን ማስተላለፊያውን አትንኩ።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ