ለደብረ ብርሃን የንባብ ቡድን አባላት፦ የቅዳሜው ውይይት

ውድ አባላት፣
ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጠባሴ፣ በተለመደው ቦታችን፣ በ«ዘ ሳይለንት ፔሸንት» (2019) ልብ ወለድ ላይ እንወያያለን፤ ባሏን በመግደል ተከሳ ዝም ያለችው ሠዓሊ የአሊሲያ እና ሊያናግራት የሚሞክረው የሥነ ልቦና ሐኪም የቴዎ ታሪክ ነው። ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ ያዙ።

ገሚሶቻችሁ መጨረሻው አስደንግጧችኋል፤ ገሚሶቻችሁ ደራሲው አጭበርብሮናል ብላችኋል። ክርክሩ በስሜት ብቻ እንዳይቀር፣ የጨረሳችሁ ቴዎ ስለ ትዳሩ የሚተርክባቸውን ምዕራፎች ከአሊሲያ የዕለት ማስታወሻ ጋር ጎን ለጎን ደግማችሁ አንብቡ፤ ፍንጭ ተሰጥቷል ወይስ ተደብቋል የሚለው የሚለየው እዚያ ነው። ቢያንስ ሁለት ገጽ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ኑ። የአሊሲያ ዝምታ አላሳመነንም ያላችሁ ደግሞ የጥንታዊ ግሪኩን ጸሐፌ ተውኔት የዩሪፒደስን «አልሴስቲስ» ተመልከቱ፦ ለባሏ ስትል የሞተችው ሴት ከሞት ተመልሳ መድረክ ላይ አንዲት ቃል አትተነፍስም። የአሊሲያ ሥዕል ርዕስም «አልሴስቲስ» ነውና ይህ ካልታወቀ ትርጉም አይሰጥም። ቴዎ የታካሚውን ዘመዶች እየዞረ መጠየቁ ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ ነው የሚለው ቅሬታ ግን በእኔ እምነት ትክክል ነው፤ ሰፊ ጊዜ እንሰጠዋለን።

ያልጨረሳችሁ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መጨረሻው ይነሳል። እባካችሁ መጨረሻውን እዚህ ግሩፕ ላይ አትጻፉ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልን፤ መጽሐፉን ጨርሳችሁ እንደሆነም ጥቀሱ።